አባ መጋረጃ ከወንበራቸው የተነሡ ዕለት

ፈረሰኞቹ ዳገቱን ሲያጋምሱ አባ መጋረጃ ክር ሰም ውስጥ እየነከሩ ነበር። የኮቴውን ድምፅ ሰምተው በጠባቧ መስኮት ቁልቁል አዩ፤ አቧራ፣ የጦር ጫፍ፣ ከሁሉም ፊት አንድ ነጭ ፈረስ። ከዚያ ወደ ድስታቸው ተመለሱ። ክር አንዴ መነከር ከጀመረ ጦር መጣ ተብሎ አይተውም፤ ሰሙ እኩል ሳይዝ ይቀርና ሻማው ሲበራ በአንድ ጎኑ እየፈሰሰ ያልቃል። እንዲህ ያለ ሻማ ከአባ መጋረጃ እጅ ወጣ መባሉን ደግሞ ፈጽሞ አይወዱም።

«አባ መጋረጃ» እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። መነኮሳቱ ናቸው ያወጡት፤ ፊት ለፊት ይጠሯቸዋል፣ እሳቸውም አቤት ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ገዳም ማንም ሰው የምንኩስና ቃል ከመግባቱ በፊት በሰሙ ቤት ጥግ ከተሰቀለ ከባድ የማቅ መጋረጃ ፊት ይቆማል። ከመጋረጃው ኋላ አንድ አባት ወንበር ላይ ተቀምጠው ዲያብሎስን ሆነው ይናገሩታል። ያባብሉታል፣ ያስፈራሩታል፣ ይከሱታል። ሰውየው ሁሉንም ሰምቶ በመጨረሻ «ክጄሃለሁ» ካለ አለፈ፤ ካላለ ስንቁን ተቀብሎ በመጣበት ይመለሳል። የወንበሩ ሕግ አጭር ነው። ተቀማጩ ፈተናው እስኪያልቅ አይነሣም፣ ፊቱን አያሳይም፣ አይራራም። ሥርዐቱን ያቆሙት የገዳሙ መሥራች፣ ጠላቱን የማያውቅ ሰው በዚህ ቤት እንዳይሰነብት ብለው ነው ይባላል።

አባ መጋረጃ በዚህ ወንበር ላይ አርጅተዋል። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሽማግሌ ወንበሩን ሲያስረክቧቸው የነገሯቸውን ግን ቃል በቃል ያስታውሱታል።

«ልጄ፣ ቀንድና ጅራቱን ለሠዓሊዎች ተውላቸው። እንደዚያ ሆኖ ቢመጣማ ሕፃን እንኳ ሮጦ ባመለጠው። እሱ ንጹሕ ለብሶ፣ መጽሐፍ ጠቅሶ፣ ጊዜውን ወስዶ ነው የሚመጣ። ኃጢአቱ ሳይሠራ በፊት ‹ምን አለበት› ይልሃል። ከተሠራ በኋላ ‹ከእንግዲህ ምን ተስፋ አለህ› ይልሃል። ሁለቱን ከአንድ አፍ የሰማህ ዕለት ማን እንደሚያናግርህ እወቅ።»

አባ መጋረጃ ይህን ትምህርት እንደ ጥሩ መሣሪያ አድርገው ያዙት። የቀደሙት ተቀማጮች ያጓሩ፣ ሰንሰለት ያንቋቁ ነበር፤ ወጣቶቹም ከመጋረጃው ወዲህ ሆነው ሳቃቸውን ያፍኑ ነበር። እሳቸው ይህን ሁሉ አስቀሩት። ዝቅ ባለ፣ በሚያሳዝን ድምፅ እውነቱን ብቻ ይናገራሉ፤ የሰውየውን እውነት፣ ሰውየው ለራሱ እንኳ ጮክ ብሎ ያላለውን። ሳቅ ቀረ። እያለቀሱ ዳገቱን የወረዱ ብዙዎች ናቸው። ያን ዕለት ማታ አባ መጋረጃ ራታቸውን በደንብ ይበላሉ፤ ሥራቸውን በሚገባ የሠሩ ሰው ናቸውና።

አበምኔቱ የሰሙን ቤት በር ሳያንኳኩ ከፍተው ገቡ።

«አዩዋቸው?»

«አየሁ። የመስፍኑ ናቸው?»

«የመስፍኑ ሻለቃ ነው። ያን ከድቶ የመጣውን ወታደር ስጡኝ ይላል። ሰውየው ቃል ከገባ ሊነካው አይችልም፤ የመስፍኑ አባት በማኅተማቸው ያጸኑት ሕግ ነው፣ ሻለቃውም ይህን አልካደም። ካልገባ ግን በሩን እንከፍታለን። ፀሐይ እስክትጠልቅ እጠብቃለሁ ብሏል።»

«ስለዚህ ፈተናው ዛሬ ነው።»

«አሁኑኑ ነው እንጂ!» አበምኔቱ ከጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ የሰም ጠብታ በጥፍራቸው ይፍቁ ጀመር። ደግ ሰው ናቸው፤ ሲጨንቃቸው ግን እጃቸው አያርፍም። «የታችኛውን ገዳም ባለፈው ክረምት ምን እንዳደረጉት ሰምተዋል። ዛሬ ሕጉን አክብሮ ቢሄድ ነገ ሌላ ምክንያት ይዞ ይመጣል። እዚህ ደግሞ አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌዎች አሉ። እኔ በወንበርዎ አልገባም አባቴ። ብቻ… ሰውየው ቢወድቅ የሚቀየም የለም ለማለት ያህል ነው።»

ይህን ብለው ወጡ። አባ መጋረጃ ድስቱን ከእሳቱ ላይ እያወረዱ አሰቡት። ውሸት ይናገሩ አልተባሉ፣ ሰውየውን አሳልፈው ይስጡ አልተባሉ። ሥራዎን በደንብ ይሥሩ ነው የተባሉት፤ በደንብ መሥራት ደግሞ ያውቁበታል። ምን አለበት? ድስቱ ከብዷቸው ስለነበር ይህችን ቃል ልብ አላሏትም። እጃቸውን ጠረጉ፣ ከመጋረጃው ኋላ ገብተው ተቀመጡ።

ከመጋረጃው በታች በቀረችው ክፍተት የሚታያቸው የሰው ጫማ ብቻ ነው። በዘመናቸው ሁሉ ሰው የፈተኑት በጫማው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚህኛው የወታደር ጫማ ነበር፤ የግራው አፉን ከፍቶ በገመድ ታስሯል። ጫማዎቹ መጥተው ቆሙ። አንድ ትንሽ ጥቅል ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምን ተሸክመህ መጣህ?» አሉ አባ መጋረጃ። ፈተናው ሁልጊዜ የሚጀመረው በዚህ ነው፤ ቀሪው እንደ መልሱ ነው።

ወታደሩ «ወፍጮ ቤት» አለ።

«ንገረኝ።»

«ወንዝ ዳር ያለች መንደር ነበረች። ለጠላት እህል ፈጭታችኋል ተብለው ነው የተመጣባቸው። ሲያዩን ሸሽተው ወፍጮ ቤቱ ገቡ። ሻለቃው በሩን ከውጭ ቀርቅረው አለኝ። ነገራቸው እስኪጣራ ድረስ ነው ተባለ። የብረቱን መወርወሪያ እኔ ነኝ ያገባሁት።»

«ስታገባው ልብህ ምን አለህ?»

«ትእዛዝ ነው፣ ምን አለበት አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ችቦ አመጡ።»

አባ መጋረጃ ትንሽ ጠበቁ። ዝምታ የት እንደሚረዝም፣ የት እንደሚያጥር ያውቃሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ሐዘንተኛ ዘመድ ለስላሳ ነበር።

«እሳቱ ሲነሣ በሩ አጠገብ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ከውስጥ ሲመቱት ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እጅህን የያዘው ሰው ነበር ወይ?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያ ከሻለቃህ በምን ትሻላለህ? እሱስ በአፉ አዘዘ፤ ብረቱን የነካኸው አንተ ነህ። አሁን ደግሞ ራስህን ተላጭተህ ልትዘምር መጣህ። ትዝታው እዚህ ቅጥር ውስጥ የማይገባ መስሎህ ነው? እግዚአብሔር መሐሪ ነው ትለኛለህ። ነው፤ ግን ጻድቅም ነው። የእነዚያ ሰዎች ደም የሚጮኸው ወደ ማን ሆነና ነው አንተ ወደ እሱ የምትሸሸው? አንተን ቢቀበል እነሱን ምን ሊላቸው ነው? ተው ወዳጄ። ውጭ የሚጠብቅህ ሰው ይገድልሃል፣ ያም ቢሆን ፍትሕ ነው። አንተም በልብህ ታውቀዋለህ። ከእንግዲህ ምን ተስፋ አለህ?»

ቃላቱ ተራቸውን ጠብቀው ነበር የወጡት፤ አንዱም አልተደናቀፈባቸውም። አባ መጋረጃ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ለቅሶውን ጠበቁ። ወይም ቁጣውን፤ አንዳንዱ ይሳደባል።

ወታደሩ አላለቀሰም፣ አልተቆጣም።

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለ።

አባ መጋረጃ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

«እርስዎን ማለቴ አይደለም አባ። ድምፁን ነው። ከወፍጮ ቤቱ ማግስት ጀምሮ አብሮኝ ነው የሚሄደው። ስበላ፣ ስተኛ፣ ስነሣ። ቃሉ እንኳ አልተለወጠም፤ ‹እጅህን የያዘው ሰው ነበር ወይ› ይለኛል። እዚህ ስመጣ ሌላ ነገር የሚናገር ሰው ይኖራል ብዬ ነበር።» ጫማዎቹ ትንሽ ወደ ኋላ አሉ። «በመጨረሻው ‹ክጄሃለሁ› በል ብለውኛል። ነገር ግን የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። እውነቱን እንዴት አድርጌ ነው የምክደው?»

አንድ እጅ ወረደና ጥቅሉን አነሣ። ጫማዎቹ ዞሩ።

አባ መጋረጃ በዚህች ሰዓት ፈሩ። ፈረሰኞቹን ሲያዩ እንኳ እንዲህ አልፈሩም ነበር። እስከዚያ ቀን ዲያብሎስን እየመሰሉ እንደሚናገሩ ነበር የሚያውቁት፤ የሰውን መንገድ የሚመረምር የተከበረ ሥራ ነው ሲሉ ኖረዋል። አሁን ግን አንድ ሰው መጥቶ፣ ያኛው ድምፅና የእርስዎ ድምፅ አንድ ነው አላቸው፤ ያለውም በክፋት አልነበረም። ድስቱን ሲያወርዱ በልባቸው ያለፈችው ቃል ትዝ አለቻቸው። «ምን አለበት» ብለው ገብተው «ምን ተስፋ አለህ» ብለው ነው የጨረሱት። ሽማግሌው ሁለቱን ከአንድ አፍ የሰማህ ዕለት ብለዋቸው ነበር፤ ያ አፍ የራሳቸው ይሆናል ብለው ግን አስበው አያውቁም።

ተነሡ። ከብዙ ዘመን መቀመጥ የተነሣ ጉልበታቸው ጮኸ። መውጫውን በዳበሳ ሲፈልጉ ማቁ ተጠመጠመባቸው፣ የተሰቀለበት እንጨት ተነቅሎ ከነመጋረጃው ትከሻቸው ላይ ወረደ። ገዳሙ ከቆመ ጀምሮ ያልተራገፈ አቧራ ቤቱን ሞላው። ዲያብሎስ እያስነጠሰ ወጣ ቢባል ልክ ነው።

ወታደሩ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ዞሮ አንድ ሽማግሌ በማቅ ተጠቅልለው ሲታገሉ አየ። ጥቅሉን ጣለና ሮጦ ደገፋቸው። ያኔ ነው አባ መጋረጃ ቀኝ እጁን ያዩት። መዳፉ ላይ ገና ያልሻረ ቃጠሎ ነበረ፤ እንደ በትር ቀጥ ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር።

«ይሄ ምንድነው?»

ወታደሩ እጁን ደበቀ። «መወርወሪያው ግሎ ነበር።»

«ልታወጣው ሞክረሃል?»

«ዘግይቼ ነው አባ። አልወጣልኝም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ይጠቅማል? እነሱን አልጠቀማቸው።»

አባ መጋረጃ ከወደቀው እንጨት ላይ ተቀመጡ፤ እሱንም አጠገባቸው አስቀመጡት። ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈታኝ ፊት አዩ። ወጣት ነበር፣ ዓይኖቹ ብቻ አርጅተዋል።

«ስማኝ» አሉት። ድምፃቸው ያን ልስላሴውን አጥቶ የተራ ሽማግሌ ድምፅ ሆኗል። «ያልኩህ ሁሉ እውነት ነው፤ አልዋሸሁህም። እሱም እንዲህ ነው የሚያደርገው። እውነቱን ይጀምርና ግማሹ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ቀሪው ከተነገረ ሰው ያመልጠዋል። እሱ የሚከስህ እንድትመለስ ብሎ አይደለም፤ እዚያው በር ላይ ቆመህ እንድትቀር ነው። ቀሪው ግን እንዲህ ነው። ሙታን ከተቆለፈባቸው ቤት ደጅ ድረስ የወረደ አለ። መወርወሪያውን በእጁ ነው የሰበረው፣ እጁም ቆስሏል። የወረደው ውስጥ ለነበሩት ብቻ አይደለም። በሩን ለዘጋውም ነው።»

«ለእኔም?»

«ለአንተም። ለእኔም፤ እኔም ስቀረቅር ነው የኖርኩት።»

ወታደሩ ያን ጊዜ አለቀሰ። አባ መጋረጃ ብዙ ለቅሶ ሰምተዋል፤ ከሚያለቅስ ሰው አጠገብ ሲቀመጡ ግን የመጀመሪያቸው ነበር፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉትም አላወቁም። በመጨረሻ ትከሻው ላይ አኖሩት።

«ከዚያች መንደር የተረፈ ሰው አለ?»

«የወፍጮው ባለቤት ሚስት። ወንዝ ወርዳ ነበር።»

«እንግዲያ መንገዱ ሲከፈት ወደሷ ትሄዳለህ። ይቅር ትልህ እንደሆነ አላውቅም። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። ምሕረት መደበቂያ አይደለም።»

ወታደሩ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ባዶውን ወንበር አየውና፣ «ክጄሃለሁ» አለ። ጮክ አላለም።

አበምኔቱ ቃሉን የተቀበሉት እዚያው ሰሙ ቤት ነው። ወደ ቤተ መቅደስ ለመሄድ ጊዜ አልነበረም፤ ብርሃኑ ከግድግዳው ጫፍ ላይ ሊወርድ ነው። የተቃጠለውን እጅ ይዘው አገላብጠው አዩት። ቅድም ያሉትን እንዳላሉት ማድረግ የፈለጉ ይመስላሉ። ወዲያው በረኛው እያለከለከ መጣ።

«ሻለቃው የወንበሩን አባት አምጡልኝ ይላል! ራሳቸው በሥርዐቱ አልፏል ይበሉኝና እሄዳለሁ ነው የሚለው።»

አበምኔቱ የአባ መጋረጃን ክንድ ይዘው አብረው እየሄዱ ዝቅ ብለው ተናገሩ። «መነሣትዎን ያየ የለም። አልፏል ይበሉት። አንዲት ቃል ናት፣ የሰው ነፍስ ታድናለች። ምን አለበት?»

አባ መጋረጃ ቆም አሉ። «ምን አሉኝ?»

«ምን አለበት ነዋ።»

«ዛሬ ይህች ቃል አልለቀቀችኝም» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በትልቁ በር ላይ በብረት የተሸፈነች ትንሽ መስኮት አለች፤ ድምፅ ታሳልፋለች እንጂ ፊት አታሳይም። አባ መጋረጃ አፋቸውን ጠጋ አደረጉ። በወዲያ በኩል ፈረሶች ልጓማቸውን ያላምጣሉ። ወታደሩ ከኋላቸው ቆሟል፤ የሚሉትን ሁሉ ይሰማል። ይህም ነበር ከሁሉ የከበዳቸው። አንዲት ውሸት ብትጥማቸው በዚያች ሰዓት ነው የምትጥማቸው። ግን አሁን የዚህን ልጅ ነፍስ በዲያብሎስ ቋንቋ ሊያድኑ ነው? ውሸት የማን እንደሆነች ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ሻለቃ፣ የወንበሩ አባት እኔ ነኝ።»

«ሰውየው በሥርዐቱ አልፏል?»

«አላለፈም። በወንበሩ ሕግ ከሆነ ፈተናው ፈርሷል፤ እኔ ተነሥቻለሁ። ቃሉን ግን ገብቷል፣ እኛም ተቀብለነዋል። እውነቱ ይሄ ነው።»

በረኛው ጭንቅላቱን ያዘ። አበምኔቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከውጭ ፈረስ አንዴ አሽካካ።

«እስኪ ይድገሙልኝ» አለ ሻለቃው። «ተነሣሁ ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«ለእሱ?»

«ለእሱ።»

«ከዚህ በፊት ለማን ተነሥተዋል?»

«ለማንም።»

«አውቃለሁ» አለ ሻለቃው። «ለእኔም አልተነሡም።»

አባ መጋረጃ ግንባራቸውን ብረቱ ላይ አስደገፉ።

«ጢሜ ገና አልወጣም ነበር» አለ ድምፁ፤ ወታደሮቹ እንዳይሰሙት ዝቅ ብሏል። «ከአባቴ ቤት ጠፍቼ ነው የመጣሁ። ‹አንተ የምትወደው መፈራትን ነው› አሉኝ። ‹ለእግዚአብሔር ቤት አልተፈጠርክም፤ ሂድና የተፈጠርክበትን ሥራ› አሉኝ። ሄድኩ። ሠራሁ። ድምፅዎን አሁን ስሰማው እንደ ትናንት ነው። አባ፣ ያኔ ለእኔ ለምን አልተነሡም?»

አባ መጋረጃ ጫማውን ለማስታወስ ሞከሩ። አልመጣላቸውም። በዚያ ወፍጮ ቤት በር ላይ ከወታደሩ እጅ ሌላ፣ ከዚህ ሰው አፍም ሌላ፣ የማን ድምፅ እንደነበረበት ግን በግልጽ ታያቸው። ቢያለቅሱ ደስ ባላቸው፤ እንባው እንቢ አላቸው።

«መወርወሪያውን አውጣው» አሉት በረኛውን።

«አባ! አብደዋል እንዴ? ጦር እኮ ነው የቆመው!»

«አውጣው አልኩህ።»

በረኛው እያጉረመረመ፣ የገዳሙን ቅዱሳን ሁሉ በየተራ እየጠራ ከባዱን እንጨት ሳበው። አባ መጋረጃ በሩን ሰው የሚያሳልፍ ያህል ገፍተው ወጡ። የፈረሰኞቹ ጦር ቀና አለ። እሳቸው በቀጥታ ወደ ነጩ ፈረስ ሄደው ልጓሙ አጠገብ ቆሙና ቀና ብለው ሰውየውን አዩት። ሽበት ጀምሮታል።

«መልስ የለኝም ልጄ» አሉ። «ያልኩህ ግማሹ እውነት ነበር። ግማሹን አስቀረሁብህ። ልነግርህ ነው የወጣሁ፤ ለመስማት ከፈለግህ።»

ሻለቃው ለረጅም ጊዜ ከላይ ሆኖ ተመለከታቸው። ጎራዴውን እንደያዘ ነበር። ከዚያ ሳይዞር ለምክትሉ ተናገረ።

«ለመስፍኑ ሰውየው ገዳም ገብቷል በሉት። ገብቷል፤ አንድም ውሸት የለበትም። እናንተ ወንዙ ድረስ ውረዱና ፈረሶቹን አጠጡ።»

«እርስዎስ ጌታዬ?»

«ውረዱ አልኩ።»

ኮቴው ዳገቱን ይዞ እየራቀ ሄደ። ሻለቃው ከፈረሱ ወረደ፤ ሲወርድ አንድ እግሩን ያነክስ ነበር። ከበሩ ግራ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ጎራዴውን ፈትቶ መሬት ላይ አኖረው።

«ይንገሩኝ እንግዲህ» አለ።

አባ መጋረጃ አጠገቡ ተቀመጡ። ሥራውን በዚህኛው በኩል ሆነው ሠርተውት ስለማያውቁ ከየት እንደሚጀምሩ ጠፋቸው። ስለዚህ ከሚያውቁት ቦታ ጀመሩ።

«ምን ተሸክመህ መጣህ?» አሉት፣ ፊቱን እያዩ።

ሻለቃው በተከፈተው በር በኩል ወደ ውስጥ አየ። ወታደሩ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ እዚያው ቆሞ ነበር።

«ወፍጮ ቤት» አለ።